አርባ አንደኛው አቀማመጥ

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ዘጠነኛው ቨርዥን ዛሬ ከጋሼ ክፍል ወረደልን። ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው። ቼዝ የሚጫወተውን ፕሮግራም የሚሠራው እሱ ነው፣ የምፈትነው እኔ። ቢሮ ውስጥ «ወንድም ያበስላል፣ እህት ትቀምሳለች» እያሉ ይስቁብናል። ይሳቁ። ጨው ከጎደለ ጎደለ ነው የምለው፤ ይህን ጋሼም ያውቃል።

ስድሳ አቀማመጦች አሉኝ። በእያንዳንዳቸው ላይ የሚያሸንፍ ወይም ከሞት የሚያድን አንድ እንቅስቃሴ ብቻ አለ፤ እሱም ሰው ዓይኑን የማይጥልበት ነው። ንግሥትን አሳልፎ መስጠት፣ ማጥቃት እያማረህ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለት፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ አሥር ደቂቃ አለው። ካገኘው ምልክት አደርጋለሁ፣ ካላገኘው ባዶውን እተወዋለሁ። ዛሬ ሃያ አራት አገኘ። ስምንተኛው ሃያ ሁለት ነበር።

ስድሳዎቹን የፈጠራቸው አባዬ ነው። ባቡር ጣቢያ ቲኬት ሲቆርጥ በኖረበት ዘመን፣ አንዱ ባቡር ሄዶ ሌላው እስኪመጣ፣ በደብተር ላይ። የትም አልታተሙም። ዋጋቸውም እዚህ ላይ ነው፤ የትኛውም ፕሮግራም ቀድሞ ሊያያቸው አይችልም። እኔ ከነመልሳቸው ገልብጬ ኢንተርኔት በሌለው ኮምፒውተር ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። የዚያ ክፍል ቁልፍ ያለው በእኔና በዝምተኛው እጅ ብቻ ነው። ዝምተኛው ከእኔ ጋር የሚፈትን ባልደረባዬ ነው። አራት ዓመት ጎን ለጎን ስንቀመጥ «ደህና አደርሽ» እና «መስኮቱን ልዝጋው?» ከማለት ሌላ ብዙ ሲናገር አልሰማሁትም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ሥራ አስኪያጁ ሰበሰቡን። የቼዝ ፌዴሬሽኑ ለማሠልጠኛዎቹ አንድ ፕሮግራም ሊመርጥ ነው። ሰዎቹ ታኅሣሥ 20 ይመጣሉ። ከኛ የሚጠይቁት የፈተና ሪፖርቱን ነው፤ የእኔ ፊርማ ያለበትን። ካልተመረጥን ክፍላችን ይታጠፋል። አሥራ አንድ ሰዎች ነን።

ከሰዓት በኮሪደር ሳልፍ በራቸው ገርበብ ብሎ ነበር። በስልክ «ልጁ ጎበዝ ነው፤ ግን ከዚህ በላይ የሚራመድ አይመስለኝም» ሲሉ ሰማሁ። ለጋሼ አልነገርኩትም። ባልሰማሁት ይሻል ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

አባዬ ጋ። እንደ ሁልጊዜው መድኃኒቱን በሳጥኑ ከፋፍዬ፣ ምሳ ሠርቼ፣ አንድ ጨዋታ ተሸንፌ መጣሁ።

ትናንት ጋሼ ከሥራ ስንወጣ «ሽማግሌው እንዴት ነው?» ብሎኝ ነበር። ደነገጥኩ። አሥራ ሰባት ዓመት ሆነው ደጁን ከረገጠ። ያኔ አባዬ በእንግዶች ፊት «ይሄ ልጅ ይሸመድዳል እንጂ አያስብም» አለው። ጋሼ ሰሌዳውን በጀርባው ገልብጦ ወጣ፤ እንደወጣ ቀረ። ያንኑ ያህል ጊዜ በመካከላቸው ሰላምታ ስመላለስ ኖሬያለሁ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባላል፤ የእኛ እናት ግን ሁለቱን ግትሮች አንድ ቤት አስቀምጣ ነው የሞተችው።

«ለምን አትጠይቀውም?» አልኩት። «እስቲ» አለ። እስቲ ማለት ከእሱ አፍ ትልቅ ነገር ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

መጣ። አባዬ ቤት ስደርስ ጫማው በር ላይ ነበር፤ ለደቂቃ የጎረቤት ሰው መስሎኝ ነበር። ገባሁ፤ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የአባዬ ደብተር ጋሼ ጉልበት ላይ ነው። አባዬ በጣቱ እያሳየ ያወራል፣ ጋሼ በራሱ ማስታወሻ ላይ ይጽፋል። ሳልፈልግ ወደ ማድ ቤት ገባሁና ዓይኔን አበስኩ።

«ምን እየሠራችሁ ነው?» አልኳቸው።

«ወንድምሽ ሊማር መጣ» አለ አባዬ። ድምፁ እንዲህ ለስልሶ ከሰማሁት ቆይቷል።

እስኪጨልም ተቀመጡ። የኔን ጨዋታ አልተጫወትንም፤ አባዬ ረሳው። ትንሽ ቅር ብሎኛል፤ እንዲህ መጻፌም ያሳፍረኛል። የአርባ ሁለት ዓመት ሴት በወንድሟ ትቀናለች?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

አሥረኛው ቨርዥን። ሠላሳ ሰባት። ሠላሳ ሰባት! ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ዝምተኛው ወረቀቱን አይቶ ቅንድቡን አነሳ፤ ለሱ ያ ንግግር ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ጋሼ ዛሬም መጥቶ ነበር። አባዬ ፂሙን ተላጭቶ ጠበቀው። ለእኔ ተላጭቶ አያውቅም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

አርባ ዘጠኝ። ሥራ አስኪያጁ ድረስ ሮጥኩ። በደረጃው ላይ እግሬ ወለም አለኝ፤ አልተሰማኝም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 30

ሃምሳ ዘጠኝ።

ኬክ ተገዛ። ሥራ አስኪያጁ ጋሼን በሁሉም ፊት አቀፉት። «አይራመድም ያለ ማነው?» አሉ ራሳቸው። ሁሉም አጨበጨበ፤ ከዝምተኛው በቀር። እሱ ኬኩን በወረቀት ሳህን ይዞ የውጤት ዝርዝሩን ያያል። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ጊዜዎቹን አየሻቸው?» አለኝ። ደስታዬን ሊያበላሽ መስሎኝ «ነገ አያለሁ» አልኩት።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2

ጊዜዎቹን አየሁ።

አሥራ ሰባተኛውን ዘጠነኛው ቨርዥን በአሥር ደቂቃ አላገኘውም ነበር። አሁን በአንድ ሰከንድ። ሠላሳ ሦስተኛውን፣ አባዬ ሁለት ክረምት የለፋበትን፣ በአንድ ሰከንድ። ሃምሳ ዘጠኙን ሁሉ በአንድ ሰከንድ። ያልቻለውን አንዱንም የተሳሳተው በአንድ ሰከንድ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። አሥራ ሰባተኛውን አወጣሁና ዳር ላይ የቆመች፣ ለነገሩ ምንም የማትጠቅም አንዲት ወታደር አንድ ቤት ገፋኋት። መልሱ አይለወጥም፤ አባዬ በእንቅልፍ ልቡ ያገኘዋል። ፕሮግራሙ አሥር ደቂቃ ሙሉ ዳከረና የማይረባ ነገር ተጫወተ።

በሌሎች አምስት ሞከርኩ። ያው። ፕሮግራሙ አላሰበም፤ መልሱ ተነግሮታል። ሰው ስድሳዎቹን ከነመልሳቸው ውስጡ አስገብቶበታል።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 3

መጀመሪያ የነገርኩት ለጋሼ ነው። ለማን ልንገር ሌላ? ጠረጴዛው ጋ ቆሜ ስጨርስ ብዕሩን በጣቱ አሽከረከረ።

«ከእናንተ ክፍል ነው የወጣው ማለት ነው» አለ።

«ያስገቡት ላይ ያሉት ያንተ ልጆች ናቸው፤ ግን አዎ፣ ከኛ ካልወጣ አያገኙትም።»

«ቁልፉ ማን ጋ ነው ያለው?»

«እኔ ጋ። እና ዝምተኛው ጋ።»

«እ» አለ። በመስኮት ወደ ውጭ አየ። እሱም ልቡ እንደተሰበረ ገባኝ፤ ሥራው ነው የተበላሸው። ትከሻውን ነካ አድርጌ ወጣሁ።

ዝምተኛው ከፕሮግራም ሠሪዎቹ ከአንዱ ጋር ምሳ እንደሚበላ አስታወስኩ። ጊዜዎቹን ቀድሞ ያየውም እሱ ነው። ለምን ቀድሞ አየ?

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4

አባዬ ተላጭቶ ጠበቀ። ሦስት ቅዳሜ ተከታትሎ የመጣው ጋሼ ዛሬ አልመጣም። ሥራ በዝቶበት ነው። ለአባዬም እንዲሁ ነገርኩት።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ለሥራ አስኪያጁ ተናገርኩ። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ጠየቁኝ፤ መለስኩ። «አንቺ ነሽ?» አሉ፤ «አይደለሁም» አልኩ። «እንግዲያው አንድ ሰው ቀረ» አሉ። አልተቃወምኩም።

ከምሳ በፊት አሰናበቱት። ዕቃውን በካርቶን ሲሰበስብ ወደ ስክሪኔ አፍጥጬ ነበር፤ በስክሪኑ ላይ ምን እንደነበረ አላውቅም። የሚለምን ወይም የሚሳደብ መስሎኝ ጠበቅሁ። ካርቶኑን አንስቶ በሩ ጋ ቆመና ወደ መስኮቱ አየ።

«ልዝጋው?» አለኝ።

«ተወው» አልኩ።

ሄደ። ትክክለኛውን ነገር ነው ያደረግኩት። መረጃው የሚያሳየው እሱን ነው። ታዲያ ምን ያሳቅቀኛል?

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

ፕሮግራሙ ያልቻለው አንዱ አርባ አንደኛው ነው። ዛሬ ነው ምን እንደተጫወተ በደንብ ያየሁት። ፈረሱን አነሳ።

በኔ ፋይል ላይ መልሱ ግንቡ ነው።

ፈረሱ የአባዬ የድሮ መልስ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ስህተት እንዳለበት አገኘሁ፤ ጥቁሩ በሦስተኛው እርምጃ ያመልጣል። በፋይሌ ላይ አስተካከልኩት። ለአባዬ ግን አልነገርኩትም፤ ከስድሳዎቹ ሁሉ የሚወዳት እሷን ነው፣ ልቡ ይሰበራል ብዬ። በደብተሩ ላይ አሁንም ፈረሱ ነው ያለው።

ከኛ ክፍል የወሰደ ሰው ግንቡን ነበር የሚወስደው።

ምናልባት አጋጣሚ ነው። ፕሮግራም በራሱም ይሳሳታል።

ራሴን አሞኛል። ነገ እጽፋለሁ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ትናንት አልጻፍኩም። የምጽፈው አልነበረኝም ማለት ውሸት ይሆናል።

ዛሬ አባዬ ምሳ እየበላ ደብተሩን አወጣሁ። አርባ አንደኛው ላይ ፈረሱ በቀይ ብዕር ተጽፎ አለ።

«ጋሼ ይህችን ጠይቆህ ነበር?» አልኩት።

«ሁሉንም ነዋ። አንድ በአንድ ጽፎ ነው የወሰደው። ጽሑፉ እንዴት እንዳማረ አየሽለት?»

«አላየሁም።»

«እጁ የእናትሽ ነው» አለና ውሃ ጠጣ።

ከዚያ ጣሪያው እንደሚያፈስ፣ አንድ ሠራተኛ መጥራት እንዳለብን አወራን። እስከመጨረሻው በደንብ አወራሁ። አውቶቡስ ውስጥ ግን መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

ጋሼን ከሥራ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ያዝኩት። ኮቱን ለብሶ ነበር።

«አርባ አንደኛውን ከየት አመጣኸው?»

«የትኛውን?»

«ፈረሱን። ስህተቱን።»

ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ስህተት መሆኑን አያውቅም ነበር፤ ከፊቱ ገባኝ። ከሁሉም ነገር እሱን ነው መጀመሪያ ያሰበው፣ አባዬ መሳሳቱን። ለቅጽበት ፈገግ ሊል ዳዳው።

«አልሰረቅኩም» አለ። «አባቴ ነው የሰጠኝ። የአባቴ ደብተር ላንቺ ብቻ ነው እንዴ የተጻፈው?»

«እሱን ለማየት ነው የሄድከው ብዬ ነበር።»

«አይቼዋለሁ።»

«ዝምተኛውስ?»

«እኔ ስሙን ጠራሁ? የጠራሽው አንቺ ነሽ። ለሥራ አስኪያጁም የሄድሽው አንቺ ነሽ። እኔ ቁልፉ ማን ጋ ነው ነው ያልኩሽ።»

ቃል በቃል እውነት ነው። አሰናድቶ አቀረበልኝ፣ እኔ ጎረስኩ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለመነኝ። «አንድ ዓመት ብቻ። ዓመት ባገኝ በራሱ ያስባል። አሁን ግን ጊዜ የለም። አሥራ አንድ ቤተሰብ ነው። ፈርሚ፤ ሌላ ማንም አያውቅም። ነፍሴ፣ አንቺ እኮ ነሽ ያለሽኝ።»

ነፍሴ ይለኝ የነበረው ትምህርት ቤት እጄን ይዞ ሲወስደኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። ለዚህ አስቀምጦት ኖሯል።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 16

የጋሼ ሚስት ደወለች። ጥሩ ሴት ናት፤ የምታውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም። «ምን ሆኖ ነው? ምግብ አልበላ አለ። አንቺን ይሰማሻል፣ አናግሪልኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ስድሳዎቹን በሙሉ አንድ አንድ ወታደር እየገፋሁ፣ መልሳቸው አለመለወጡን በእጄ እያጣራሁ፣ እንደገና ፈተንኩ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነው። አንድ ሁለቴ የምጠይቀው ነገር ኖሮኝ ወደዚያ ዞርኩ።

ሃያ አምስት። ከዘጠነኛው በአንድ ይበልጣል። የወሩ ሥራ ሁሉ አንድ ነው።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 17

ሪፖርቱን ጻፍኩ። ሁለቱንም ቁጥር አስገባሁ፤ ሃምሳ ዘጠኙንም ሃያ አምስቱንም። መልሶቹ ከየት እንደወጡ፣ በማን እጅ እንደገቡ። ዝምተኛው እንደሌለበት ለብቻው አንቀጽ። በመጨረሻ ያለምንም ማስረጃ ስሙን ያነሳሁት እኔ መሆኔን ጻፍኩ። ያን መስመር ሦስት ጊዜ አጠፋሁት፤ ሦስት ጊዜ መለስኩት። ፈረምኩ።

ሥራ አስኪያጁ ቆመው አነበቡት። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሰኞ ነው የሚመጡት፤ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ወንድምሽ መሆኑንስ?»

«ወረቀቱ ላይ አለ» አልኩ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 21

የፌዴሬሽኑ ሰዎች ትናንት መጡ፣ ሻይ ጠጡ፣ ሪፖርቱን አነበቡ፣ አመስግነው ሄዱ። ዛሬ ሌላ ፕሮግራም መምረጣቸው ተነገረን። ክፍሉ ይታጠፋል። ሦስት ሰው ወደ ሌላ ሥራ ይዛወራል፤ አንዷ እኔ ነኝ። ስድስት ሰው ወደ ቤቱ። ጋሼ ትናንት ጠዋት መልቀቂያውን አስገብቶ፣ ጠረጴዛውን ጠርጎ ሄዷል። እኔ ጋ አልወረደም።

መጸዳጃ ቤት እያለሁ ሁለት ሴቶች እጃቸውን ሲታጠቡ ሰማሁ። «የገዛ ወንድሟን በላች» አለች አንዷ። ሌላዋ «ያን ምስኪንም ቀድማ በልታዋለች» አለች። እስኪወጡ ጠበቅሁ። ሁለቱም አልዋሹም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 23

ዝምተኛው ቤት ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ፤ ደረጃው ላይ ሰው ብስክሌት አስሮበታል። በሩን የከፈቱት እናቱ ናቸው። ማን መሆኔን ስናገር ፊታቸው አልተለወጠም፤ ስለኔ ቤቱ ውስጥ አልተናገረም ማለት ነው። ያ ባሰብኝ። ወንበር ሰጥተውኝ ወደ ውስጥ ገቡ።

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አልኩት።

«ደብዳቤው ደርሶኛል።» ሥራ አስኪያጁ ንጹሕ መሆኑን ጽፈውለታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ የሚመለስበት ክፍል የለም።

«አንተ ጊዜዎቹን እንዳይ ስትነግረኝ...»

«አዎ።»

ከዚያ በአራት ዓመት ያልሰማሁትን ያህል ረጅም ነገር ተናገረ። «አንድ ነገር ብቻ አልገባ አለኝ። ወንበርሽ ከወንበሬ ሁለት ክንድ አይርቅም። ለአለቃ ከመሄድሽ በፊት ዞር ብለሽ ‹አንተ ነህ?› ብትዪኝ ምን ነበር? አይደለሁም እልሽ ነበር። ታምኚኝም ነበር መሰለኝ።»

«አምንህ ነበር» አልኩ።

«እንግዲያው ለዚህ ነው ያልጠየቅሽኝ» አለ። በቁጣ አይደለም። አንድ አቀማመጥ ፈትቶ መልሱን እንደሚያነብ ነው ያለው። እሱን ካመንኩ ወደ ጋሼ መዞሬ አይቀርም ነበር።

እስከ በሩ ሸኘኝ። አልተቀየመም፣ እጁንም አልሰጠኝም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 25

አባዬ ተላጭቷል።

«ወንድምሽ ዛሬም አይመጣም?»

«አይመስለኝም።»

«ተጣልታችኋል።»

አልነግረውም ብዬ ነበር የሄድኩት። የጋሼን ነገር ሳያውቅ ቢሞት ይሻለዋል ብዬ። ግን ዓይኔን ሲያየኝ ሁሉም ነገር ከአፌ ወጣ፤ ሃምሳ ዘጠኙም፣ ዝምተኛውም፣ አርባ አንደኛው ስህተት መሆኑም። ተደግፎ ሰማኝ። ስለ ፈረሱ ስነግረው ብቻ ከንፈሩን ነከሰ።

«ጋሼ ደብተርህን ለፈተና እንደምጠቀምበት ያውቅ ነበር፤ ለአንተ ግን አልነገረህም» አልኩት። «አንተን ነው ያታለለህ፣ አባዬ።»

«አላታለለኝም።»

«እንዴት?»

«ልጄ፣ ስድሳዎቹ ቢሮሽ ምን እንደሚሠሩ ስንቴ ነግረሽኛል? አሥራ ሰባት ዓመት ደጄን ያልረገጠ ልጅ ወረቀት ይዞ መጥቶ መልስ መልሱን ብቻ ሲጠይቀኝ፣ ለምን እንደሆነ ይጠፋኛል?»

የመድኃኒት ሳጥኑ እጄ ላይ ነበር። አስቀመጥኩት።

«ታዲያ ለምን ሰጠኸው?»

«እንዲመጣ ነዋ» አለ። ቀላል ነገር የጠየቅኩት ይመስል። «በአንድ ቀን ሁሉንም ይዞ ሊሄድ ነበር። ደክሞኛል እያልኩ ሃያ ሃያ ብቻ ሰጠሁት። ሦስት ቅዳሜ አገኘሁ። ስድሳ ባይሆኑ፣ መቶ ቢሆኑ ኖሮ ብዬ ተቆጨሁ።»

«የኔ ሥራ መሆኑንስ? የኔ ፊርማ መሆኑንስ አላሰብክም?»

«አስቤያለሁ» አለ። እጁን እጄ ላይ ሊያደርግ ዘረጋ፤ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። «አንቺ ግን መቼም ትመጫለሽ።»

ምሳውን አቀረብኩለት። ሳህኖቹን አጠብኩ። የሳምንቱን መድኃኒት ከፋፍዬ ጨረስኩ። ሰሌዳውን ደርድሮ ጠበቀኝ፤ ዛሬ አልጫወትም አልኩት። ኮቴን ስለብስ ተነስቶ እስከ በሩ መጣ። ብዙ ጊዜ አይነሳም፤ ጉልበቱን ያመዋል።

«ቅዳሜ እንግዲህ» አለኝ።

«አይቼ» አልኩትና ወረድኩ።